ልጄ ምክር የጠየቀቻት ሴት

የእትዬ ዘቢደርን መሞት የሰማሁት ከልጄ ነው።

ልጄ ስመኝ የምትኖረው ሉማሜ ነው፤ ባንክ ቤት ትሠራለች። እኔና ዘቢደር ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ቅያስ ሰዎች ነን፤ ከደጄ ብወጣ የእሷ በር ይታየኛል። ለሕክምና አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ከሄደች ወዲህ በየማለዳው ያን በር እያየሁ ስሟን በጸሎቴ እጠራ ነበር። ታዲያ ወሬው ወደ እኔ አልመጣም። ወንድሟ የሟቿን ስልክ ከፍቶ «ልጄ» ተብሎ የተመዘገበ ቁጥር አገኘና ደወለ። ያነሣችው የእኔ ልጅ ናት።

«እናና» አለችኝ ስመኝ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እትዬ ዘቢደር ዐረፈች።»

ነፍስ ይማር አልኩ፤ አማተብኩም። ከዚያ ቀጥሎ ግን ልቤ የሄደው ወደ ነፍሷ አልነበረም። «ልጄ» ብላ መዘገበቻት? አልኩ። ሞታም ቀናሁባት።

ይህን የምጽፈው እሷን ለማመስገን ነው። ቅናቴንም አልደብቅም፤ እሱን ብተወው ስለ ዘቢደር የምናገረው ግማሹ ይቀራል።

ዘቢደር በገበሬዎች ዩኒየን የእህል ግዥ ኃላፊ ሆና ብዙ ዘመን የሠራች ሴት ናት። አጭር ናት፤ እርምጃዋ ግን ፈጣን ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስትነሣ አብሯት የሚሄድ ሰው ሶምሶማ መሮጥ አለበት። ከካፖርቷ ኪስ እህል አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መሐረብ ባወጣች ቁጥር ስንዴ ይረግፋል፤ ርግቦቹ ሳይቀሩ ያውቋታል።

ስንዴ ሲያቀርቡላት አንድ ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች። ቀጭ ካለ ደረቅ ነው፤ ዝም ካለ እርጥበት አለው። ሰው ሲያወራትም እንደዚያው ናት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ መንጋጋዋን ቀስ እያደረገች ትሰማለች። የነገርሻትን በጥርሷ የምትሰብረው ይመስልሻል። ከዚያ መልስ ትሰጣለች ብለሽ ስትጠብቂ «በልተሻል ግን?» ትላለች። ያልበላ ሰው ምክር አይዘውም ባይ ነበረች።

አግብታ ፈታለች። ልጅ አልወለደችም። በጎልማሳነቷ፣ ሥራዋን ሳትለቅ፣ ቅዳሜና እሑድ እየተማረች የቢዝነስ ማስተርስ ያዘች። በወር በወር የምንጠጣው የማርያም ማኅበር አለን፤ እዚያ ሴቶቹ ይነዘንዟታል።

«ዘቢደር፣ ያ ሁሉ መከራ ምን ጠቀመሽ?» አለቻት አንድ ቀን ወይዘሮ ሙሉ፤ የማኅበራችን አፈኛ።

«ስብሰባ ላይ የወንዶቹ ንግግር ገባኝ» አለች ዘቢደር። «በፊት የማላውቀውን ነገር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ የማውቀውን ነው በእንግሊዝኛ የሚሉት።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ባሌ ሲያርፍ ስመኝ ገና ታዝላ ነበር፤ ትምህርቴ በዚያ ቆመ። እግዚአብሔርን አላማረርኩም። ልጅ ሰጥቶኛል፤ እንጀራ ሰጥቶኛል። ይሁን እንጂ ዘቢደር በምረቃዋ ቀን ካባዋን ለብሳ በቅያሳችን ስታልፍ ከሁሉ በላይ ጮኼ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። የሚጮኽ ሰው ዓይኑን ማንም አያየውም።

እንዲህ ሆና ነው ወደ ልጄ ጉዳይ የገባችው።

ስመኝ ባንክ ከገባች ወዲህ ደኅና ነበረች። አንድ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ኮሌጅ ማመልከቻ ላከች፤ ለዚያው ለቢዝነስ ማስተርስ። ሥራ ለቅቆ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማሩት ነው። ያንን ስትነግረኝ ለአጥቢያችን ማርያም ተሳልኩ። ልጄን ከተቀበሉልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ኅዳር ሳይጋመስ ተቀበሏት።

ለእኔ ነገሩ አለቀ። ስልክ ደውዬ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

«እናና፣ ልሂድ አልሂድ ገና አላሰብኩበትም» አለችኝ።

«እመቤታችን አስባበታለች» አልኳት።

ኅዳር ጽዮን መጣ። በእኛ አጥቢያ የንግሥ ቀን ስለት ያለው ሰው ስለቱን ለዲያቆኑ ያስረክባል፤ ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያ ስሙንና ጉዳዩን ይናገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። እኔም ጃንጥላዬን ሰጠሁ። ጆሮው ላይ ጠጋ ብዬ «ልጄ ለማስተርስ ተቀባይነት አገኘችልኝ በል» አልኩት። ወጣት ዲያቆን ነው፤ ከፊቱ ብዙ ስለት ተደርድሯል። ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ዘረጋና እንዲህ አለ፦

«እህታችን ወለተ ኪዳን፣ ወይዘሮ ትርፌ፣ ልጇ ስመኝ አዲስ አበባ ሄዳ ማስተርሷን እንድትማርላት ተስላ፣ ስለቷ ሰምሮላት፣ ይኸው ልጇም ልትሄድላት ነው፤ እልል በሉ።»

የክርስትና ስሜን ብቻ ቢጠራ ይበቃ ነበር። እሱ የቤት ስሜንም የልጄንም ስም ጨመረ፤ መሄዷንም ከራሱ አከለ። እኔ አላረምኩትም። ቅጥሩ በእልልታ ተሞልቶ ማን ያርማል? ቀና ስል ስመኝን አየኋት። ለበዓሉ ከሉማሜ መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ከወይራው ሥር ቆማለች። ሴቶቹ እየተሻሙ ይስሟታል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እናና፣ አሁን አልሄድም ብል ለሰዉ የማርያምን ስለት ያፈረስኩ አልመስልም?»

«ለምን አልሄድም ትያለሽ?» አልኳት።

ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰች መስሎኝ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልፈልጋት ወጣሁ፤ ጫማዋን ዘቢደር ደጃፍ ላይ አገኘሁት።

ገባሁ። ልጄ መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሽሮ ቀርቧል።

«ልጄ እዚህ ምን ትሠራለች?» አልኩ።

«ትበላለች» አለች ዘቢደር። «የጾም ነው፤ አትፍሪ። አንቺም ተቀመጭ።»

ተቀመጥኩ። አልበላሁም። ልጄ ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ለሌላ ሴት ስትናገር መስማት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ተምረው ያውቁታል» አለቻት። «እውነቱን ይንገሩኝ። ከእኔ መስኮት ጎን ማስተርስ ያላቸው ልጆች ተቀምጠዋል። እንደ እኔው ገንዘብ ሲቀበሉ ሲከፍሉ ይውላሉ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያለ ማስተርስ ዕድገት አታስቢ ይለኛል። የቱን ልመን?»

«ሁለቱንም» አለች ዘቢደር። «ሁለቱም እውነት ነው።»

«ታዲያ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?»

ዘቢደር መንጋጋዋን ቀስ ቀስ አደረገች።

«ይሄ ትምህርት ወፍጮ ነው ልጄ። እህል ይዘሽ ከሄድሽ ዱቄት ተሸክመሽ ትመለሻለሽ። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ ጩኸቱን ሰምተሽ፣ ብናኙ ልብስሽ ላይ ነጭ ሆኖ ትመለሻለሽ። ከሩቅ ያየሽ ሰው ያስፈጨሽ ይመስለዋል።»

«እርስዎ ምን ይዘው ሄዱ?»

«ገበሬው ደኅና ስንዴ ያመጣልናል፤ መጋዘናችን ገብቶ ለምን ይበላሻል የሚል ነገር ያንገበግበኝ ነበር። በእሱ አስተማሪዎቹን አሰለቸኋቸው። አብረውኝ የተማሩት አብዛኞቹ ወረቀቱን ፈልገው መጡ፤ ወረቀቱን አገኙ። ነውር አይደለም፤ ወረቀት ደመወዝ ያስጨምራል። አንቺ ግን ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?»

ስመኝ የቆረሰችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። «ምንም» አለች። «ሰው ስለሚሄድ ነው ያመለከትኩት። እናናም ደስ ስለሚላት።»

ይህችን ለእኔ አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያስረዝሙም። ልጅቷ ብትቀር ስለቴ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ብለሽ ተሳልሽ?» አሉኝ።

«ከተቀበሉልኝ ብዬ፣ አባቴ።»

«ተቀበሏት?»

«ተቀበሏት።»

«ጃንጥላው ገባ?»

«ገባ።»

«እንግዲህ ምን ቀረ? ጃንጥላ አስገባሽ እንጂ ልጅቱን አላስገባሽም» አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስለቱ የእኔን ቃል የሚያጸናልኝ ክንድ ነበር፤ አሁን ክንዴ ወለቀ። በዚያው ሳምንት ማኅበር ላይ ወይዘሮ ሙሉ ማንቆርቆሪያውን ይዛ «የማስተርስ እናት፣ ጠላ ልጨምርልሽ?» ስትለኝ ብርጭቆዬን በእጄ ከደንኩ። ዘቢደር ከማዶ አየችኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ስመኝ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ዘቢደር ወደ ቁይ ገበያ ለእህል ግዥ ስትወርድ ልትከተላት ነው። ስልክ የተደዋወሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ የሰማሁት ሲያበቁ ነው። በማለዳ የዩኒየኑ ፒክአፕ ደጅ ሲቆም ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

«ምን ልትገዢ?» አለች ዘቢደር።

«ጤፍ።»

«ጤፍ እኔ አላመጣልሽም?»

«መርጬ ልግዛ።»

«ከእኔ አብልጠሽ?» አለችና ሳቀች። ስመኝም ሳቀች። ከኋላ ወንበር ገባሁ። ዘቢደር ልጄን ከፊት፣ በራሷና በሾፌሩ መሐል አስቀመጠቻት።

ቁይ ገበያው ሞቅ ብሎ ጠበቀን። የአዲስ እህል ሰሞን ነው፤ አህያው፣ ጆንያው፣ አቧራው። ዘቢደር ከመኪና ወርዳ ከሰው መሐል ጠፋች። ስናገኛት ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያ ውስጥ ከታለች። ላይ ላዩ ያማረ እህል ሥሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ነው ዘግና የምታወጣው። መዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ ትላለች። ገበሬው ይቀልዳል፣ እሷም ትመልሳለች።

«እመት ዘቢደር፣ ዘንድሮም አላረጁም?»

«አንተ አፈር ቀላቅለህ ካመጣህ አረጃለሁ።»

ስመኝ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ጋ ሄደች። እኔም ጤፍ የማይ መስዬ ተጠጋሁ።

«እናቴ፣ ለምን አሁን ይሸጡታል?» አለቻት ስመኝ። «ፋሲካ ሲያልፍ ዋጋው ይጨምራል እኮ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እንደሚጨምርማ አውቃለሁ። የሰኔን ዘር ሳጣ ይህንኑ እህል በእጥፍ የምገዛው እኔ አይደለሁም? ግን ለልጆቹ ልብስና ደብተር ዛሬ ያስፈልገኛል። ምን ላድርግ?»

«ባንክ ቢጠይቁስ? እስከ ፋሲካ የሚያቆይዎትን?»

«አንቺ የባንክ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጠይቄ አውቃለሁ። ቤት አለሽ ወይ አሉኝ፣ መኪና አለሽ ወይ አሉኝ። ጎተራ አለኝ፣ ሙሉ ነው፣ ኑና እዩት አልኩ። ባንካችሁ ጎተራ አይታየውም ልጄ። ሳር ቤት ሆኖበት ይሁን፣ እንጃለት።»

ስመኝ አልሳቀችም። ሴትዮዋ ተራዋ ደርሶ ስትነሣ ጆንያውን አብራት ያዘች። ከዚያ ወደ ሌላዋ ሴት ሄደች፤ ከዚያም ወደ ሌላዋ። ጎተራዋ ምን ያህል ይይዛል፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ነቀዝ ይገባዋል ወይ እያለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይን ዓይኗን ሳያት የኖርኩ እናት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም። ዘቢደርም ከሩቅ አየቻት። እጇ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ለአፍታ ቆመች።

ስንመለስ ዘቢደር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ «ዛሬ ምን አየሽ?» አለች። ስመኝ እስከ ደብረ ማርቆስ አፏን አልዘጋችም። ጎተራ መያዣ መሆን የማይችለው ለምንድን ነው፤ ማን ነው የሚመሰክርለት፤ ዩኒየኑ መጋዘን ቢሰጥና ባንኩ ያንን ቢያምንስ? እኔ ከኋላ፣ በማልፈልገው ጤፍ ላይ እግሬን አድርጌ እሰማለሁ። በመሐል «አንቺ ግን ይህን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

አንቺ አለቻት። እስከዚያ ቀን ዘቢደርን እርስዎ ነበር የምትላት። በእኛ ቤት ልጅ አንቺ የሚለው እናቱን ነው። ስመኝ ማለቷንም አላወቀችው። ዘቢደር ግን አወቀች፤ በመስታወቱ ወደ እኔ አየች።

ቅያሳችን ደርሰን ስመኝ ቀድማ ወደ ቤት ገባች። ጤፉን ከመኪናው የሚያወርድልን ሾፌሩ ነው። ዘቢደርና እኔ ደጅ ላይ ቀረን።

«እትዬ ዘቢደር» አልኳት፤ «ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ለሁለት አትበቃም።»

መልስ ይኖራታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለገበሬው፣ ለወይዘሮ ሙሉ፣ ለማንም የማይጠፋት መልስ። መዳፏ ላይ የቀረውን የጤፍ ገለባ እፍ አለችው።

«እውነትሽን ነው» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

የኮሌጁ ምዝገባ የሚዘጋው ከገና በፊት ነበር። ምዝገባው በሚዘጋበት ዋዜማ ስመኝ ከሉማሜ መጣች። እኔ ሠርክ ጸሎት ደርሼ እየተመለስኩ ነበር። ከቅያሱ ጫፍ ሆኜ አየኋት፤ ወደ ቤቴ አልዞረችም። ዘቢደር በር ላይ ቆማ ታንኳኳለች። «እትዬ! እትዬ ዘቢደር!» ትላለች። እንዳላየሁ ሆኜ በሌላው መንገድ ዞሬ ገባሁ። ልብሴን ሳልለውጥ በሬ ተንኳኳ።

«ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል» አለች ስመኝ። «ስልኳም ዝግ ነው። የት ሄደች?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ ነኝ አልኩ በልቤ። ያኛው በር ስለተዘጋ ነው የእኔን ያንኳኳችው። ሹራቧን ተቀበልኳት፣ እግሯን የምታሞቅበት ብርድ ልብስ ሰጠኋት። ተልባ በጠበጥኩላት። ጠጣች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና አለች።

«እናና፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ስንት ጊዜ እንደኖርኩ አንድዬ ያውቃል። መልሱን አዘጋጅቼው ነበር። ሂጂ ነው መልሱ። አፌ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ቁይ ገበያ ላይ ያየሁት ፊቷ መጣብኝ። እመቤቴን ጠራኋት።

«ብትሄጂ ደስ ይለኛል» አልኳት። «ካባ ለብሰሽ በዚህ ቅያስ ብታልፊ ደስታዬን አልችለውም። እኔ ስላላለፍኩበት ነው። እሱ የእኔ ደስታ ነው። ያቺ የቁይ ሴት የነገረችሽ ነገር ግን ያንቺ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እንዳልተወሽ አያለሁ። ብትሄጂ እሱን ወዴት ይዘሽው ነው የምትሄጂው?»

ብርጭቆውን በመዳፏ መሐል አሽከረከረችው።

«አዲስ አበባ ብወስደው ይርቀኛል» አለች። «እሱ ያለው እዚህ ነው። መጀመሪያ ብድር ክፍል ልዛወር፤ እንዴት እንደሚሠራ ልየው። ትምህርቱን እዚሁ በቅዳሜና እሑድ እደርስበታለሁ።» ቀጥላ ቀስ ብላ «ስለቱስ?» አለችኝ።

«ስለቱ የእኔና የእመቤታችን ነው። አባን ጠይቄ ጨርሻለሁ።»

«አባን ጠየቅሽ? ለምን?»

«ትቀሪ እንደሆነ ብዬ።»

ብርጭቆውን አስቀምጣ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። ያን ምሽት ስለ ጎተራ ለእኔ አወራችኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ መኪናው ውስጥ እንዳልነበርኩ አድርጋ። እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ ሰማኋት።

እንዳለችው አደረገች። የአዲስ አበባውን ተወችው። ብድር ክፍል ተዛወረች። ዓመት ቆይታ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ተመዘገበች፤ መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ፣ ሲዘጋ እየቀረች፣ ከተመደበው ጊዜ አልፎ ጨረሰች። የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በጎተራ ላይ ነው። ባንኩ ጎተራ ታየው ወይ ለሚለኝ፣ ገና ነው። አለቆቿ «እናያለን» ብለዋታል። ቁይ ግን በየጊዜው ትወርዳለች፤ ሴቶቹ በስሟ ነው የሚጠሯት።

በምረቃዋ ቀን ዘቢደር ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር። በዚያን ጊዜ መክሳት ጀምራለች። ስመኝ ካባዋን እያንዘረፈፈች ሰዉን ጥሳ ሄዳ መጀመሪያ እሷን አቀፈች። ወደ እኔ ስትመጣ ትከሻዋ ላይ የዘቢደር ስንዴ ነበር። እየሳምኳት አራገፍኩት።

አስከሬኗ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ሲቀበር ስመኝ የልጅ ለቅሶ አለቀሰቻት። ሰዉ «ልጇ ናት?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ሰልስቱን ከበላን በኋላ ድንኳኑ ሲሳሳ አትጠገብ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። አትጠገብ የዘቢደር የአክስት ልጅ ናት፤ እየረዳቻት አብራት የኖረችው እሷ ናት።

«እትዬ ትርፌ» አለችኝ፤ «በሕይወት ሳለች አትናገሪ ብላኝ ነው። ስመኝ ለምዝገባው ጉዳይ የመጣች ቀን ትዝ ይልሻል? በሩ ተቆልፎ የተመለሰች ቀን?»

«ይለኛል።»

«እቤት ነበረች።»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«ጠዋት ስመኝ እመጣለሁ ብላ ደወለችላት። ስልኳን አጠፋችና ‹ከውጭ ቆልፊብኝና እስኪመሽ ድረስ አትምጪ› አለችኝ። ምነው ስላት ‹ዛሬ ወደ እናቷ ትሂድ› አለች። ስመለስ ከበሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳዋለች። ‹አቤት እንዳልላት ነው› አለችኝ። ‹ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር› አለችኝ።»

አትጠገብ ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ያለሁበት ቀረሁ። ለካ ያን ቀን በሬ እንዲንኳኳ ያደረገችው እሷ ናት። የእኔ ነው ብዬ የያዝኩት አንድ ቀን ነበረኝ፤ እሱንም የሰጠችኝ ዘቢደር ሆና ተገኘች። እግዚአብሔር ያክብራት። ነፍሷን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ።

ስመኝ ድንኳኑ በር ላይ ሆና ብርጭቆ ትሰበስባለች፤ ዓይኗ አብጧል። ለእሷ አትጠገብ አልነገረቻትም። ከእኔ በቀር የሚነግራት የለም። ብነግራት ዘቢደርን እስካሁን ከምትወዳት አብልጣ እንደምትወዳት አውቃለሁ፤ የሞተ ሰው ደግሞ ከእንግዲህ አያጠፋም፤ ልጄ የምትቀየምበት ነገር አይኖረውም። ዝም ብል ማንም አያውቅም።

ጠራኋት። ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ነገርኳት።